ብልጭ ብሎ የጠፋው ምስል

ዲሽ መትከል እንደ ሙያ ተቆጥሮ ይጻፍበታል ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤአለሁ። የሠራሁት በየክረምቱ ብቻ ነው፤ አሁንም ቴፒ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን ከሙያችን ሰዎች የሚጽፍ ስላላየሁ ልሞክር።

ሥራ የጀመርኩት ሚዛን ተፈሪ፣ ከዲሽ ሠራተኛው ከጋሽ ተካ ጋር ነው። የመጀመሪያው ቀን መሰላል ወጣሁ፤ ቆርቆሮው ሲንኮሻኮሽ ደነገጥኩና የዲሹን ጠርዝ ነክቼ ወረድኩ።

«ጣሪያ ወጣሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«ቁራም ይወጣል» አሉኝ። «ወጣ የሚባለው ምስል አምጥቶ የወረደ ነው።»

በሥራችን ሁለት ማዕረግ አለ። ጣሪያ ላይ ዲሹን የሚያዞረውና ብሎኑን የሚያጠብቀው ባለ ቁልፍ ይባላል። ታች ኬብል የሚስበውና ቴሌቪዥኑን እያየ «መጣ! ሄደ!» እያለ የሚጮኸው ገመድ ጎታች ነው። እኔ ገመድ ጎታች ነበርኩ፤ ያቺን ቁልፍ ግን በሕልሜ ሳይቀር አያት ነበር።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ እትዬ አልማዝ ቁርስ ቤት ዲሽ ተከልን። በቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ሀብታሞች ከፍለው ወደ ጠፈር ወጡ፤ ምድርን ሳይዞሩ ጥቂት ደቂቃ ተንሳፍፈው ተመለሱ።

«ይሄም ጠፈር መሄድ ነው?» አሉ የቡና ነጋዴው ሐጂ ናስር። «ቴፒ ደርሶ ከመኪና ሳይወርድ የተመለሰ ሰው፣ ቴፒን አውቃለሁ ይላል?»

«ድንበር ድንበር ነው ሐጂ!» አሉ መምህር ጌቱ። «አንድ እግሩን ያሻገረ ተሻግሯል።»

ፍረድ ተባልኩ። ሁለቱም ደንበኞቻችን ስለሆኑ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ።

«ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው የሚያስተምሩህ?» አሉ ሐጂ። መምህሩም ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ወዲያው ዝናብ ከነነፋሱ ወረደና ምስሉ ጠፋ። ሲያባራ ጋሽ ተካ ቁልፉን ሰጡኝ።

«የኔ ጉልበት እርጥብ ቆርቆሮ አይወድም። ምስል ካላመጣህ ግን ወደ ኬብልህ ትመለሳለህ።»

እሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ። የመጮኹን ሥራ ሁለቱ ተከራካሪዎች ወሰዱት። ዲሹን ትንሽ ገፋ አደረግሁት።

«መጣ!» አሉ ሐጂ።

«የት መጣ? ብልጭ ብሎ ጠፋ እንጂ! ይሄ መምጣት ይባላል?» አሉ መምህሩ።

«ዜና አንባቢውን በዓይኔ አየሁት፣ ክራቫት አድርጓል!»

«ሳይቆይ ምኑን መጣ!»

እጄ ብሎኑ ላይ ቀረ። ሐጂ የመምህሩን፣ መምህሩ የሐጂን ክርክር ይዘው እየተሟገቱ ነበር፤ ሁለቱም አላወቁትም። እኔ ደግሞ ለማን ልታዘዝ? ጋሽ ተካ ቀና ብለው ያዩኛል።

እትዬ አልማዝ ማማሰያ ይዘው ከማድ ቤት ወጡ። «አፋችሁን ያዙ ሁለታችሁም! አንተ ልጅ፣ ቀስ አድርገህ አዙር!»

አዞርኩ።

«ቆመ! እሰረው!» አሉ እትዬ አልማዝ ቴሌቪዥኑን እያዩ።

አሰርኩት።

ስወርድ ሐጂ ናስር ጠበቁኝ። «እሺ ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ሄደዋል ወይስ አልሄዱም?»

«ሄደዋል፣ ሐጂ። ልክ እንደኔ የመጀመሪያ ቀን። ጣሪያ ጣሪያ ነው፤ ባለ ቁልፍ ግን አይባሉም።»

ሐጂም መምህሩም አልተደሰቱም። ጋሽ ተካ ግን «ቁራ!» ብለው ሳቁ። ቁልፉን ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም።

«ኪስህ ክተተው፤ ውጭ ከተውከው ይዝጋል።»

የደረሰ ሰው ደርሷል። ሙያ የሚቆጠረው ግን እዚያ በሠሩት ነው።

ገመድ ጎታችነቴ ያበቃው በዚያው ዕለት፣ ጳጉሜን 3 ቀን ነው።