ድንች የታቀፉ ዶሮዎች

የጨርቅ ነጋዴው የተሳፈረበት አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆመ። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ፍለጋ ሲበተን፣ እሱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የመብራት ሽቦ የገባበትን አንድ ቤት አንኳኳ። ጓደኞቹ «አቶ ለምን» የሚሉት ሰው ነው፤ ያየውን ሁሉ ካልጠየቀ ምግብ አይረጋለትም። እዚህ ቤት ደግሞ ገና ደፉን ሳይሻገር የሚጠይቀው አገኘ። በግድግዳው ሥር በተደረደሩት ቅርጫቶች ውስጥ ዶሮዎች ታቅፈው ተኝተዋል። አንዷ እንግዳውን አይታ በቁጣ ብድግ ስትል፣ ከሥሯ ያለው እንቁላል ሳይሆን ድንች ነበር።

«እትዬ፣ ድንቹም ይፈለፈላል?»

የቤቱ እመቤት ሳቋ አመለጣት። ሰፈሩ «የሳጥን እናት» የሚላት፣ አርባውን የተሻገረች ሴት ናት። ሳጥኑን አሳየችው፤ ጥግ ላይ ቆሞ እያንጎራጎረ እንቁላል የሚያሞቅ የጫጩት ማስፈልፈያ ነው።

ነጋዴው ጠየቀ፣ እሷም አልሰሰተችም። ዶሮ ማስታቀፍ ከእናቷ ጓዳ የተማረችው ነው፤ ያኔ ጫጩት የምትሸጠው ለጎረቤት ብቻ ነበር። መብራት ሲገባ ሳጥኑን ገዛች፣ ገበያውም ሰፋ። ታዲያ እንቁላል የማይጥሉ፣ ከጎጆ አልነሳም የሚሉ ዶሮዎች ምን ያደርጉልኛል ብላ ሁሉንም ሸጠቻቸው። ወዲያው መብራት ሄዶ ሳይመለስ ሰነበተ። እንቁላሉ በሙሉ ተበላሸ፤ ሽታው ከቤት ወጥቶ እንኳ ከሰው አፍ አልወጣም። ትልቁ ደንበኛዋ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው እርባታ፣ ፊቱን አዞረባት።

«እናቶቹን አባረሽ ዕቃ ቀጠርሽ አልኳት» አሉ መስኮት ሥር ባቄላ የሚፈለፍሉት አማቷ።

ከዚያ ወዲህ ሰው የጠላትን ታቃፊ ዶሮ ሁሉ ትሰበስባለች። መታቀፉን እንዳይተዉ ድንች ታስቀምጥላቸዋለች፤ መብራት ሲጠፋ ድንቹን አውጥታ እንቁላሉን ከሥራቸው ትሸጉጣለች።

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ሳጥኑ ዝም አለ።

ሴትየዋ ወዲያው ወደ ቅርጫቶቹ ዞረች። እንቁላሎቹ ነገ የሚፈለፈሉ ናቸው። በስንት ልመና የተመለሰው እርባታም ነገ ጠዋት ጫጩቶቹን ሊረከባት ቀጥሯል፤ ዛሬ ከተበላሸባት ለሦስተኛ ጊዜ አይመጣም።

ነጋዴው ሳያዙት እጅጌውን ሰበሰበ። እሷ ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ድንች ታወጣለች፣ እሱ እንቁላል ያቀብላል። እያንዳንዱን እንቁላል ከመሸጎጧ በፊት ዐይኗን ጨፍና የዐይኗ ቆብ ላይ ታስነካዋለች። ሙቀቱ መኖሩን ከእጅ ይልቅ እሱ ይነግረኛል አለችው። እሱም ሞከረ፤ ዐይኑ የነገረው ነገር አልነበረም። አንዷ ዶሮ ጣቱን ስትነክሰው አማትየዋ «ለምን ብለህ ጠይቃት እንጂ» አሉት።

ቅርጫቱ ሁሉ ሞላ፤ እንቁላል ግን ተረፈ። የተረፈውን ሳጥኑ ውስጥ ትታ፣ ፍል ውሃ በጠርሙስ ሞልታ ዙሪያውን አቆመች። ከአልጋዋ ያነሳችውን ብርድ ልብስም እንቁላሉ አየር እንዲያገኝ አንድ ጥግ ክፍት ትታ ደረበችበት። ውሃው ቀዝቅዞ ሲለወጥ፣ እንደገና ሲፈላ፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ።

«ቆይ» አለችና አንድ እንቁላል ጆሮው ላይ አስጠጋችለት። ከውስጥ ቀጭን ጭውጭውታ ሰማ። ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ።

«አለ?»

«አለ» አላት።

በሩ ላይ ግን ሳይጠይቅ መሄድ አልቻለም፤ ዶሮዎቹ እንዲህ ከሆኑ ሳጥኑ ለምን አስፈለገ?

«ዶሮ የምትታቀፈው ሲያሰኛት ነው፤ ሳጥኑ እኔን ሲያሰኘኝ» አለችው። «አሁንስ አየህ፣ እንቁላሉ ከዶሮው በልጧል። ስትመለስ ገበያ ላይ እንቁላል የማትጥል፣ ሰው የምትነክስ፣ ባለቤቷ የተማረረባት ዶሮ ካየህ እንዳታልፋት፣ ወንድሜ። የእኔ ናት በላቸው።»