ወምበርማ ያለበት መጽሐፍ

ሰኔ መጨረሻ ላይ የተማሪዎች ካርድ ታድሎ ሲያበቃ፣ ፍኖተ ሰላም የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመምህራኑ ቤተ መጻሕፍቱን ይከፍት ነበር። ለክረምት ዕረፍት ሦስት ሦስት መጽሐፍ ፈርመን እንድንወስድ ይፈቀድልናል። ሌሎቹ መምህራን አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም፤ ወፈር ያለውን ወይም የፍቅር የሆነውን አንሥተው ይወጣሉ። እኔ ግማሽ ቀን እቆያለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ነበሩ፣ ቁልፋቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ፦

«አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮም ጎጃምን ነው የምትፈልጊ?» ይሉኛል።

ጎጃምን ነበር የምፈልገው። ለራሴ ሳይሆን ለእናቴ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ሁለት ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ ደጋ ነው የምትኖረው። ክረምት ለዕረፍት ስሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲይዝ እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ አነብላታለሁ። መጀመሪያ ያነበብሁላት አዲስ አበባ ስላሉ ሰዎች የተጻፈ ልቦለድ ነበር። ሳምንት ታግሣ ሰማችና «ይህስ የሰው አገር ነው። የእኛን አገር የጻፈ የለም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎጃም የተጻፈ ካልሆነ ይዤ አልሄድሁም።

ለእሷ መምረጥ ቀላል አልነበረም። የነገሥታት ታሪክ አይሆናትም፤ «ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ እኔን ምን አገባኝ» ትላለች። ስለ ገዳማት ከሆነ ነጠላዋን አስተካክላ በአክብሮት ትሰማለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ታንቀላፋለች። የምትወደው ሰዎች ገበያ የሚወጡበትን፣ ወንዝ ሞልቶባቸው የሚያድሩበትን፣ ተጣልተው የሚታረቁበትን ነው። ስሕተትም አታልፍም። አንድ ደራሲ ባለታሪኩን ጠዋት ከደምበጫ አስነሥቶ በእግሩ ለምሳ ቡሬ ሲያደርሰው፣ እንዝርቷን አስቀምጣ እስክትደክም ሳቀች። «ይህ ሰውዬ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው የጻፈው» አለች።

መጽሐፍ በጨረስን ቁጥር ግን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ወምበርማን አያነሣም?»

«አያነሣም እማ።»

«እንዲያው ስሟን እንኳ?»

«ስሟንም።»

ወምበርማ ተወልዳ ያደገችበት ነው፤ ከሽንዲ ወዲያ፣ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ቆላ። ልጅ ሳለች በአንድ መኸር ወባ ገብቶ እናቷንና ሁለት ወንድሞቿን ወሰደባት። አባቴ ያኔ ከደጋ ወርደው በአባቷ አውድማ በቀን ሥራ የሚያግዙ ጎልማሳ ነበሩ። ሥራው አልቆ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ አያቴ ይህችን የቀረቻቸውን ልጅ ዳሩላቸው። «ወባ የሌለበት አገር ትኑርልኝ» አሉ። ለእሷም «አደራ፣ ወደዚህ እንዳትመለሺ» አሏት። አልተመለሰችም። መጀመሪያ የአባቷን ቃል ፈራች፤ ቀጥሎ ልጆች ተከታተሉ፤ አያቴ ሞቱ ሲባል የሰማችውም ተዝካራቸው ካለፈ በኋላ ነው። «ከእንግዲህ ማን አለኝ» ትል ነበር። ስለ ወምበርማ መጠየቋን ግን አልተወችም።

እኔም በየዓመቱ መፈለጌን አልተውሁም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለ አገራችን የሚናገር መጽሐፍ ካገኘሁ ከማንበቤ በፊት በጣቴ ገጽ በገጽ እያወረድሁ ስሟን እፈልጋለሁ። ስድስት ክረምት እንዲህ አለፈ።

በሰባተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ለስብሰባ ቡሬ ሄድሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሰው መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ደብተር፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያና አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል። ከመካከላቸው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የማን ድርሰት እንደሆነ የማይታወቅ አንድ መጽሐፍ አነሣሁ። ስለ ጎጃም ወረዳዎች፣ አፈርና ገበያ የሚያትት ነው። ቆሜ ገጹን ማገላበጥ ጀመርሁ።

«እትዬ፣ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ እንጂ እዚሁ ቆመው አይጨርሱት» አለኝ ሻጩ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ወምበርማ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት። ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀደልኝ ሦስት መጻሕፍት አንዱን ትቼ ሁለት ብቻ ፈረምሁ፤ ስኳሩና ሳሙናው ተጨምሮ ከዚያ በላይ በዚያ ጭቃ መሸከም አልችልም። አንደኛው ስለ ገዳማት የሚናገር ነበር፤ ሁለተኛው በአንድ የጎጃም ገበያ ከተማ የሚኖሩ የሁለት ወንድማማቾች ልቦለድ።

ቤት ስደርስ እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። «ከብቶቹ ደኅና ናቸው?» አልኋት። «አዎ ልጄ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ጠንክሯል» አለችኝ። ልብ አላልሁትም። በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን እንዲሁ ነበር የሚደበላለቀው።

የቡሬውን መጽሐፍ ወዲያው አላወጣሁትም። ደስታውን ማቆየት ፈለግሁ። ሁለት ቀን ልቦለዱን አነበብሁላት። እንዝርቷን እያሾረች አፍ አፌን ታየኛለች፤ ገጽ ስገልጥ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አንዳንዴም «እሰይ» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ አወጣሁና ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ። ወምበርማ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀና አልሁ። እንዝርቷ ይሾራል። አፌን ታየኛለች። ዓረፍተ ነገሩን ደገምሁት።

«እሰይ» አለች፣ በፊት እንደምትለው፣ ከዚያ ሳትጨምር።

ለሦስተኛ ጊዜ ልደግመው ጀመርሁ። አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያዩ ነበር። አባቴን አንቱ፣ እናቴን አንቺ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ ከእሳቸው ጋር ብዙ ወሬ የለንም። ፊታቸውን ሳያዞሩ፦

«ተይ ልጄ፣ አትሰማሽም» አሉኝ።

«እንዴት አትሰማም?»

«ከጥምቀት ወዲህ ጆሮዋ ሄዷል። ጆሮዋ ሥር ካልጮኹባት አትሰማም።»

«ታዲያ ለምን አልላካችሁብኝም?»

«እሷ ከለከለችን። ልጄ ካወቀች ማንበቡን ትተወዋለች አለች።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። ሁለት ቀን ሙሉ የማይሰማትን ስታዳምጥ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደስ እንዲለኝ። መጽሐፉን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁና ጆሮዋ ሥር ጮኽሁ።

«ወምበርማ!»

ደነገጠች። እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። «ወምበርማ? ወምበርማ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም! እዚህ ተጽፏል!»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። ሁለቱን ገጾች አንድ በአንድ በመዳፏ ዳበሰቻቸው። «የእኛ ቤት ሰዎች አሉበት?» አለች።

«የሉም እማ።»

«እንግዲያ ምን ይላል?»

«መሬቱ ለም ነው ይላል! በቆሎና በርበሬ ይበቅላል ይላል!»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለችና መጽሐፉን መለሰችልኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችው። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ወምበርማን በመጽሐፍ ውስጥ ስፈልግ፣ መንገዱ ከምሠራበት ከተማ ግማሽ ቀን እንኳ እንደማይሞላ ያን ዕለት ነው ያሰብሁት። ቡሬ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ከቡሬ ሽንዲ መኪና አለ። አንድም ቀን «ተነሺ እንሂድ» ብያት አላውቅም።

ጆሮዋ ሥር ሆኜ «እንሂድ! እወስድሻለሁ!» አልኋት።

«በዚህ ክረምት?» አሉ አባቴ።

እናቴ ግን ተነሥታ የክት ቀሚሷን ትፈልግ ጀመር።

አባቴ በቅሎ ተውሰው እስከ ገበዝ ማርያም ሸኙን። ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም ገብተን በኪራይ ቤቴ አደርን፤ በማግሥቱ ቡሬ ወረድን። መናኸሪያ ስንደርስ የሽንዲ መኪና የለም። ከትናንት በስቲያ የሄደው ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ቆሟል አሉን። ቡሬ የምታስተምር ባልንጀራዬ ቤት አረፍንና ነጋ ጠባ እየሄድን ጠየቅን። «ነገ ሳይሆን አይቀርም» ይሉናል። ዝናቡ አላባራ አለ።

በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። ጭቃ እስከ ጉልበቷ የለጠፈባት አንዲት ሴት በእግሯ ከሽንዲ በኩል እንደመጣች ስትናገር ሰማሁና እናቴን ወደ እሷ ወሰድኋት። እናቴ የአባቷን ስምና የሰፈሩን ስም ነገረቻት። ሴትዮዋ አሰበች። «እኔ በወዲያኛው በኩል ነኝ እናቴ፣ አላውቃቸውም» አለች። እናቴ አልሰማቻትም፤ ፊቷን ግን አንብባለች። «አታውቃቸውም አይደል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«በጥር ይምጡ» አለች ሴትዮዋ፣ እያዘነች። «በጥር መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሰውም አውድማ ላይ ይገኛል።» ይህንን ጆሮዋ ሥር ጮኼ ነገርኋት።

«በጥር» አለች እናቴ፣ አገጯን ከፍ ዝቅ እያደረገች።

በማግሥቱ ማሳል ጀመረች። «ይበቃኛል ልጄ፣ እዚህ ድረስም መምጣቴ ደግ ነው» አለችኝ። መናኸሪያው ላይ መኪና ስንጠብቅ ፊቷን ወደ ሽንዲ መንገድ አዙራ ቆመች። ከጉሙ በቀር የሚታይ አልነበረም። እኔ ጃንጥላ ይዤላት ከኋላዋ ቆምሁ።

ጥር ደረሰ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ወረቀት ተከምሮብኝ ነበር። የአንድ ሳምንቱን ዕረፍት እሱን ሳርም ጨረስሁት። የማዋራው ሰው ሲጠይቀኝ «ለክረምት እወስዳታለሁ» እላለሁ፤ የክረምቱን መንገድ እያወቅሁ። ለምን እንዲያ እንዳልሁ አላውቅም። ለእኔ ዕረፍት ማለት ክረምት ብቻ ነበር መሰለኝ።

ሁዳዴ ጾም ሳይፈታ፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ከአገር ቤት አንድ የአባቴ ዘመድ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ገና ከሩቅ ሳየው ከመቀመጫው ተነሣ፤ አነሣሡ ነገረኝ። ሞባይል ወደ እኛ ገጠር ያልደረሰበት ጊዜ ነበርና እኔ ስደርስ የእናቴ ቀብር አልፏል።

በሚቀጥለው ሰኔ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት አልገባሁም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በመስኮት አይተውኝ እጃቸውን አነሡልኝ። ባዶ እጄን፣ ስኳርና ሳሙና ብቻ ይዤ ወደ ቋሪት ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያዘ። አባቴ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተቀመጡ። ባዶ እጄን አይተው፦

«መጽሐፍ አልያዝሽም?» አሉኝ።

«አልያዝሁም አባ።»

«እኔም እኮ እሰማ ነበር» አሉ። «ያ የአምናው፣ የሁለቱ ወንድማማቾች። እንደተጣሉ ነው የተውሽው።»

ያን ልቦለድ ሳልጨርሰው ነበር ለቤተ መጻሕፍቱ የመለስሁት። ፍጻሜውን አላውቅም። ግን እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁምና አላውቅም ማለት ከበደኝ። ታናሹ ታሞ ታላቁ ሊጠይቀው እንደ መጣ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነገርኋቸው። አባቴ ዝናቡን እያዩ ሰሙኝ።

«ደርሶ አገኘው?»

«አገኘው።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት አባ።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ጥጆቹን ሊያስገቡ ወጡ።