አልጋ ሥር የደበቅሁት ዳጉሳ

ይህ የገጠመኝ አምና ነው፤ ልጄ ትርንጎ ባህር ዳር የበኩር ልጇን የወለደች ሰሞን። ባስታወስሁት ቁጥር መጀመሪያ ያሳፍረኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ ደረቴን ያስነፋኛል።

እኔ እናቷ የወንዛዬ ገጠር ገበሬ ነኝ። ማሳዬ ከዳጉሳ ሌላ ሰጥቶኝ አያውቅም። ልጆቼን ሁሉ በዚያው አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። ለአራሷም ዳጉሳ አስፈጭቼ ተነሳሁ። መንገድ ላይ ግን የልጄ አማት ትዝ አሉኝ። እትዬ ብርቄ ባህር ዳር ፔዳ ከሚባለው ሰፈር ትልቅ ቤት ያላቸው የከተማ ሴት ናቸው። እሳቸው ፊት ጥቁር ገንፎ ላቀርብ? ሞቼ እገኛለሁ!

ከመኪና እንደ ወረድሁ ገበያ ገብቼ ነጭ የገብስ ዱቄት ገዛሁ። እትዬ ብርቄ ቤት ስደርስ ዳጉሳውን ትርንጎ አልጋ ሥር ወሸቅሁት። ለእትዬ ብርቄ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ከራሴ ማሳ ነው» አልኋቸው።

ትርንጎ ከወለደች ሦስት ቀኗ ነበር። እህል አልወርድ ብሏታል፤ ጡቷ አልሞላም፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። ጨንቆኛል። የገብሱን ገንፎ በቅቤና በበርበሬ አሳምሬ አቀረብሁላት። አንዴ ቀምሳ ገፋችው።

«እማ፣ የኛ የታለ?»

«የኛ እኮ ነው፤ ብይ ልጄ።»

«ያንቺ ማሳ መቼ ገብስ አብቅሎ ያውቃል?»

እትዬ ብርቄም ለጥየቃ የመጡት ጎረቤቶችም እየሰሙ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጎንበስ ብዬ ከረጢቱን ጎተትሁት።

እትዬ ብርቄ ዱቄቱን ዘግነው አሸተቱና ጮኹብኝ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሽ ነው ይህን የደበቅሽው? እኔስ በምን ያደግሁ መሰለሽ? እስቲ ዳጉሳ ያጠነከረውን ጥርሴን እይው!»

አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በዚያ ዕድሜያቸው አንድም አልጎደለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጓዳ ገቡና ገንፎውን በገዛ እጃቸው አገነፉት።

ትርንጎ ሳህኑን ጠርጋ በልታ «ድገሙኝ» አለች። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። በማግስቱ ጡቷ አጋተ። ዳጉሳው ይሁን ደህና አድርጋ መብላቷ አላውቅም፤ እኔ ግን ምስጋናውን ለዳጉሳዬ ሰጥቼዋለሁ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ጥርስ አብቅሏል፤ ገንፎውም ከዚያው ከዳጉሳ ነው። እትዬ ብርቄ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ከምራቴ እናት ማሳ የመጣ» እያሉ ያቀርቡታል። እኔም ባህር ዳር ስገባ ከረጢቴን ተሸክሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በዋናው በር ነው የምገባው። ምን እንደያዝሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ዳጉሳ ነው፤ ከራሴ ማሳ» እላለሁ። አሁን ውሸት የለበትም።