የባለቤቴ ዜማ ከባጃጅ ስፒከር ሲወጣ

ትናንት ረፋድ ላይ እህሌን አስፈጭቼ ከወፍጮ ቤት ወጣሁ። ሴቶቹ «እርስዎ ይለፉ» ይሉኛል፤ አላልፍም። ሚስት የሞተችበት ወንድ ወረፋ መያዝ አይችልም ያለ ማን ነው? ተራዬን ጠብቄ፣ ከረጢቴን ራሴ ተሸክሜ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው። ሙዚቃውን ለቆታል... ዘፋኝ የሌለው፣ ዝም ብሎ ድም ድም የሚል። መቀመጫው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። «ቀንሰው» ልለው አፌን ስከፍት ከድምድምታው ሥር አንዲት ዜማ ብቅ አለች።

የባለቤቴ ዜማ ናት።

ጣቴ ፊደል ሲፈልግ ስለሚዘገይ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ጥጥ ስትፈትል፣ ሽንብራ ስትለቅም፣ አፏን ሳትከፍት የምታንጎራጉራት ዜማ ነበረቻት። ቃል የላትም። እሷ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው። የእኔ ኽምጣኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ የሀገሯ ዘፈን ነው ብዬ ደመደምሁ። ጠይቄያትም አላውቅ።

ካረፈች በኋላ ዜማዋ ከእኔ መሸሽ ጀመረች። መነሻዋን ስይዝ መድረሻዋ ይጠፋኛል። ድምጿን የቀዳሁበት ነገር የለኝም። ከዜማዋ በቀር ምን ቀረኝና... እሷም ልትሄድብኝ ነው። ጨነቀኝና እህቷ መንደር ድረስ ሄጄ የያዝሁትን ያህል አንጎራጎርሁላት።

«አያ፣ እንዲህ ያለ ዘፈን እኛ ጋ የለም» ብላ ሳቀችብኝ።

«ረስታችሁት ነው» ብያት ተመለስሁ።

እና ትናንት ባጃጅ ውስጥ... ሙሉዋን። መድረሻዋ ሳይቀር።

«ይህን የኽምጣኛ ዘፈን ከየት አገኘኸው?» አልሁት ሹፌሩን።

«የቱን አባባ?»

«ይህን የከፈትኸውን ነዋ።»

«ኧረ ይሄ የጌም ሙዚቃ ነው። ድሮ ቴሌቪዥን ላይ እየተሰካ የምንጫወተው ጌም ነበር አይደል? የእሱን ሙዚቃ በኮምፒውተር እንደገና ሠርተው፣ ምት ጨምረውበት፣ አልበም አወጡት። እኔ ሌላ ነገር አልሰማም።»

«አንተ አታውቅም። ባለቤቴ ስታንጎራጉረው ነው የኖረች።»

በመስታወቱ አየኝ። «እማማ ጌም ይጫወቱ ነበር?»

«ባለትዳር ሴት ናት» አልሁት ተቆጥቼ። ምን ለማለት እንደፈለግሁ እኔም አላውቅ።

ቤቴ በር ላይ ሲያቆም አልወርድም አልሁ። «እስኪያልቅ ቆይ።» ሞተሩን አጥፍቶ ቆየልኝ። ሲያልቅ እንደገና ከፈተው። ቀጥሎ አልበሙን በብሉቱዝ ስልኬ ላይ ላከልኝ፤ «ይሄም ለስለስ ያለ ነው፣ ይወዱታል» ብሎ ሌላ አልበም ጨመረበት።

ቤት ገብቼ ያችን አንዲቷን ለልጄ ላክሁለት። አንድ ልጅ ነው ያለን፣ ዐረብ ሀገር ነው። የሚደውለው በበዓል ነው። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ይመስገን... ከዚያ ሁለታችንም ወሬ እናጣለን።

ወዲያው ደወለ።

«አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ታውቀዋለህ?»

«የእኔ ጌም ነው እኮ። ቆም አድርገኸው ስትሄድ እስክትመለስ ድረስ የምትጮኸው ናት።»

ያንን ጌም አስታውሰዋለሁ። ያኔ እኔ ጽጽቃ ከተማ ግንብ እየሠራሁ ቤት የምመጣው ለዓውደ ዓመት ብቻ ነበር። በዓውደ ዓመት ደግሞ ቴሌቪዥኑ የእንግዳ ነው። ዕቃውን አየሁት እንጂ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

«ከጠፋ የደረስሁበት ሁሉ ይጠፋና ከመጀመሪያ ነው የምጀምረው» አለኝ ልጄ። «ስለዚህ ጓደኞቼ ሲጠሩኝ ቆም አደርገውና ‹እማ፣ እንዳታጠፊው› ብያት እወጣለሁ። ኳስ ሜዳ ሄጄ ረስቼው እውላለሁ። ስመለስ ያችው ዜማ እየጮኸች፣ እማም እዚያው አጠገቧ ጥጥ እየፈተለች ነው። አንድም ቀን አጥፍታብኝ አታውቅም።»

«እናትህ ታንጎራጉራት የነበረችው ዜማ ናት» አልሁት።

«አንጎራጉራው ታውቃለች እንዴ?» አለኝ።

«አዎ። እኔ የሀገሯ ዘፈን መስሎኝ ነበር።»

«መቼ ነበር የምታንጎራጉረው? እኔ አልሰማኋትም።»

«አንተ ከሄድህ በኋላ ነዋ።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ውስጥ የሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። የእኔም ይሰማው ይሆናል።

እንግዲህ ልስማው ለምትሉ... ሹፌሩ መጀመሪያ የሰጠኝ አልበም አጀማመሩ እንደ ጄኔሬተር ነው፤ ሁለቱን ዝለሏቸውና ከሦስተኛዋ ጀምሩ። ሦስተኛዋ የእሷ ናት። ምቱን ናቁት፣ ከሥር ያለውን ስሙ። ለስለስ ያለ ነው ያለኝ ሌላው አልበም ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይመስላል፤ ብቻውን ለሚውል ሰው እሱ ይሻላል። ስማቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ አልቻልሁም። የፈለገ ይጻፍልኝ፣ እልክለታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልጄ ራሱ ፈልጎ ሌላ የጌም አልበም ላከልኝ። ቀትር ላይ ደወለ፤ በዓል ሳይሆን።

«ሰማኸው አባዬ?»

ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሰምቼዋለሁ። ግን አልወደድሁትም።

«ገና አልጨረስሁትም፣ ነገ ጠይቀኝ» አልሁት።