ብርቱካን ይዘን የሄድንለት በሽተኛ

እንዳሻው ዴንቨር ኤርፖርት ተሳፋሪ በማመላለስ ልጅ ያሳደገ፣ ደግ ግን አድካሚ ሰው ነው። ለእሱ መድኃኒት የሌለው ነገር የለም፤ ለጉንፋኑም ለብስጭቱም የሚያዝልህ አያጣም። ሃያ ዓመት ወንድ ልጄ እያለ ያሳደጋት ልጁ «አባዬ፣ እኔ ሴት ነኝ፤ ሔቨን በለኝ» ስትለውም መጀመሪያ የጠየቀው ሐኪም ነው።

ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ አውሮራ ያለው ክሊኒክ አብረው ሄደው ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችው። ትራንስጀንደር መሆን ማንነት እንጂ በሽታ አይደለም። ጀንደር ዲስፎሪያ የሚባለው ደግሞ ሰውነትና ማንነት አልገጥም ሲሉ የሚመጣው ጭንቀት ነው፤ እሱ ይታከማል። አንዳንዱን ክፉኛ ያስጨንቀዋል፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ አይደርስም። ሔቨንንም አስጨንቋት ነበር፤ ጓደኞቿ በስሟ ከጠሯት ወዲህ ግን ለቋታል። እንዳሻው ከዚህ ሁሉ «ይታከማል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ።

ከዚያማ ልጅቷን መውጫ መግቢያ አሳጣት። ጠዋት «ጭንቀቱ እንዴት አደረ?» ማታ «ዛሬስ አልመጣም?»

«አባዬ፣ አይም ፋይን! ፕሊዝ ቼክ ማድረግህን አቁም።»

እሷ ደህና በሆነች ቁጥር እሱ ከሳ። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ዘጋው። በመጨረሻ ሔቨን «እንደ በሽተኛ የምታየኝ ከሆነ ቅዳሜ ሴንቴኒያል ያለች ጓደኛዬ ጋ ሙቭ አደርጋለሁ» አለችው። እሱ ግን ያንኑ ሳምንት ለወዳጃችን ለብርቅነሽ በስልክ «ልጁ ታሞብኛል» ብሏት ኖሯል። ይህን ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ አበሻ አለ?

ቅዳሜ ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤቱ ደጃፍ በመኪና ተሞላ። እኔ ብርቱካን፣ ብርቅነሽ አጥሚት በፔርሙስ፣ ሌላው ጓደኛችን ወልደሚካኤል ጠበል በጋሎን ይዘን ደረስን። በሩን አንዲት ቀሚስ የለበሰች ፈገግተኛ ልጅ ከፈተችልን። አላወቅናትም። ኮሪደሩን ትልቅ ሻንጣ ዘግቶታል፤ አንድ በአንድ ተሻግረነው ገባን።

ብርቅነሽ በሽተኛ ፍለጋ የመኝታ ቤቶቹን በር ሁሉ ከፈተች። የተኛ ሰው የለም። ሶፋው ላይ ግን እንዳሻው ጋቢ ተከናንቦ፣ ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተቀምጧል። በሽተኛ የሚመስል ሌላ ሰው ስለጠፋ ወልደሚካኤል ጠበሉን እሱ ላይ አርከፈከፈው። «እግዚአብሔር ይማርህ!» አልን ሁላችንም። እሱም «አሜን» አለ። ልጅቷ ሳቋን እየዋጠች አጠገቡ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለት ጀመር።

«ቆይ እንጂ፣ ታመመ የተባለው ልጁ አልነበር? የት ተኝቷል?» አለች ብርቅነሽ።

የልጅቷ እጅ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። እንዳሻው ጠበሉ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ሻንጣውን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ።

«የታመምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሔቨን ደህና ናት።»

«ሔቨን ማናት?»

«ይቺ፣ ብርቱካን የምትልጥልኝ። ልጄ ናት።»

ወልደሚካኤል ጋሎኑን አቅፎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ብርቅነሽ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ዓይኗን መለስ አድርጋ እንዳሻውን አየችው፣ ከዚያ የፔርሙሱን ክዳን ከፈተች።

«በይ እንግዲህ ሔቨን፣ ኩባያ አምጪ፤ ለአባትሽ ሳይቀዘቅዝ።»

ሔቨን ለኩባያ ስትነሳ መንገድ የዘጋውን ሻንጣ እየጎተተች ወደ ክፍሏ መለሰችው።