ከአንቲቫይረሱ ጋር የመጣው ቁልፍ

የጎረቤቴ ልጅና የእኔ ልጅ አረብ አገር የሄዱት በአንድ ክረምት ነው፤ ያሉትም በአንድ ከተማ ነው። ጎረቤቴ ግን የልጇን ፊት ታያለች። እኔ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ማሾ ሲደርስ እኛ የሸዋ ሮቢት ሴቶች ተራ ገብተን እንለቅማለን። ዛሬ እሷ ግቢ፣ ሌላ ቀን እኔ ግቢ። ከአስር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ማንጎ ጥላ ሥር ሰፌዳችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንቀመጥና ጠጠሩን ከፍሬው እንለያለን። ሥራ የሚይዘው እጅን ነው፤ አፍ ነፃ ነው። ወሬው ሞቅ ሲል የእሷ ስልክ ይጮሃል። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስታነሳው ልጇ ብቅ ትላለች። ከዚያ ስልኩ ይዞራል። ከሩቅ አገር የገባን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደን እንደምንጠይቀው ሁሉ፣ በስልክ የመጣችውንም ልጅ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን እንጠይቃታለን። ሳይሰላመቷት ማሳለፍ ነውር ነው።

"ማሻአላህ፣ ወፈርሽ!" ትላታለች አንዷ።

"መቼ ነው የምንድርሽ?" ትላታለች ሌላዋ።

እኔ ጋ ሲደርስ፣ "እትዬ፣ ደህና ኖት?" ትለኛለች። "አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ" እላታለሁ። አፌ ይመርቃታል፣ ዓይኔ ግን ይበረብራታል። ጉንጯ ሞልቷል። አንገቷ ላይ ሐብል አለ። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ይታያል። ስልኩን ለሚቀጥለው ሰው የማቀብለው ይህን ሁሉ ቆጥሬ ስጨርስ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ስልኳን ከእጄ እየተቀበለች፣ "ያንቺዋ እስከ መቼ ነው እንደ ሬዲዮ የምትሰማው? ፊቷን ለማን አስቀመጠችው?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ዝም ብል ይብስ ነበር።

"አይሠራልኝም ትላለች" አልኩ።

"ቪፒኤን ነዋ! ቪፒኤን የላችሁም?" አለች፣ ጨው የላችሁም ወይ በሚባልበት ድምፅ። "እዚያ አገር የምስል ጥሪ ዝግ ነው። ቪፒኤኑ ሲከፈት ግን ጥሪው ይሄዳል። ደግሞ በነፃ ነው።"

ትምህርት የተውኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ያን ቃል ግን በአንዴ ያዝኩት፤ ቅናት እንዲህ ያስጠናል።

ነገሩ ቅናት ብቻም አልነበረም። ካራቆሬ አካባቢ የአንዲት ዘመዳችን ልጅ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያለች ድምፅ ስትልክ ከርማ፣ ስትመለስ ክንዷ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ነበር። ድምፅ መደበቅ ይችላል። የልጄን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ጉንፋን ይሁን ለቅሶ መለየት ያቅተኛል። ከዚያ የጎረቤቴ ሳቅ ከአጥሩ ወዲያ ይመጣል። እሷ መገመት አያስፈልጋትም። ታያለች።

በዚያው ሰሞን ስልኬ እጅ እስኪያቃጥል እየጋለ አስቸገረኝ። ቫይረስ ገብቶበታል ብዬ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ላለው ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩለት።

"የት ነው የሚያስቀምጡት፣ እትዬ?" አለኝ።

"መስኮቱ ላይ፣ ኔትወርክ እንዲይዝልኝ።"

"በሸዋ ሮቢት ፀሐይ መስኮት ላይ ውሎ የማይግል ምን አለ? እኔም እግላለሁ።" ሳቀብኝ። ግን ሲከፍተው ማስታወቂያው እየዘለለ የስልኩን ፊት ሞላው፤ እዚህም የማላውቀው ነገር ተጭኗል፣ እዚያም። ጠራርጎ አወጣልኝና የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ጫነልኝ።

ሲያሳየኝ ከታች አንድ ቁልፍ አየሁ። "ይሄስ?"

"ቪፒኤን ነው። ከአንቲቫይረሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።"

ጎረቤቴ የምትኮራበት ነገር እኔ ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል! "ልክፈተው?" አልኩት።

እንደኔ ያለ ሰው ሲጠይቀው ዝም ብሎ ክፈቺው የሚል ሰው አይደለም። "ሲከፍቱት ነገርዎ በቀጥታ አይሄድም፣ በነሱ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው" አለኝ። "መንገድ ላይ ያለ ሰው አያይብዎትም። እነሱ ግን የት የት እንደገቡ ማየት ይችላሉ።"

"እነሱ እነማን ናቸው?"

"አንቲቫይረሱን የሠሩት።"

"ታውቃቸዋለህ?"

"እኔ ከየት አውቄ! አንይዝም፣ አንመዘግብም ይላሉ። ማመን አለማመን ያንቱ ነው።"

"ነፃውስ?"

"ነፃው ይብሳል። ማን እንደሠራው እንኳ የማይታወቅ አለ። በነፃ የሚያገለግል ሰው በምን የሚኖር ይመስልዎታል?"

ይህን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የእሷ ነፃው ነው።

ቢሆንም ፈራሁ። ለግቢዬ ዘበኛ ቀጥሬ፣ ዘበኛው በዚያው ልጅሽንም መኪና ላይ አሳፍሬ እኔው ልንዳት ያለኝ መሰለኝ። በር መጠበቅ ቢችል መንዳት መቻሉን በምን አውቃለሁ? እንዲህ እያሰብኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁና ገና ሳንንቀሳቀስ ተጫንኩት። አረንጓዴ ሆነ።

ለልጄ በምስል ደወልኩ። ጠርቶ ተቋረጠ። ደገምኩ፤ ያው ነው። ምናልባት ጊዜ ይፈልግ ይሆናል ብዬ ከፍቼ ተውኩት። ልጄ በተመቻት ሰዓት ትገባበታለች ብዬ፣ በር ገርበብ አድርጎ እንደሚያድር ሰው፣ ጨርሶ አልዘጋሁትም። ባትሪው አለቀ፣ የሞላሁት ዳታ አለቀ፤ ልጄ አልገባችም።

በመጨረሻ በድምፅ መልእክት ጠየቅኋት። ስትመልስልኝ መጀመሪያ ሳቀች። "እማ፣ ያንቺ መንገድ እኮ ክፍት ነው። የተዘጋው እዚህ ነው። ቪፒኤኑ መኖር ያለበት እኔ ስልክ ላይ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኢንተርኔቱ የማዳሜ ነው። ስትከፍቺው ይታወቃል የሚሉ አሉ፣ አይታወቅም የሚሉም አሉ። በሱ መደወል እዚህ አገር ያስቀጣል ሲሉም ሰምቻለሁ። ፈርቼ ነው እንጂ ደህና ነኝ፣ ወላሂ ደህና ነኝ።"

ወላሂ ማለቷ አባሰብኝ።

ጎረቤቴ ይህን ስነግራት እጇን አወናጨፈች። "ይሄን ያህል! ነፃውን ልላክልሽ፣ ላኪላት። የኔዋ ስትጠቀም ማን ነካት?"

የኔዋ ስትል ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ከእሷ ከምቀበል ብዬ ወደ ጠጋኙ ተመለስኩ። በከፈልኩት ሌላ ስልክም ማስገባት እንደሚቻል፣ የልጄን ጨምሮልኝ እዚያው ሆና ልትከፍተው እንደምትችል ነገረኝ።

"ቢያዩባትስ?" አልኩት። "ይጠብቃታል?"

"እትዬ፣ ይሄ የሚጠብቀው ከቫይረስ ነው። ከማዳም አይደለም።"

ለልጄ እንዲህ ያለ ነገር አለ ብዬ ላክሁላት። የመለሰችው አጭር ነበር። "አንቺ ጫኚ ካልሽኝ እጭነዋለሁ፣ እማ።"

እምቢ ብትለኝ እቆጣት ነበር። እሺ፣ ጭኛለሁ ብትለኝም የራሷ ነገር ነው እል ነበር። እሷ ግን አንቺ ካልሽኝ አለች። ብትባረር፣ ብትታሰር፣ የገፋኋት እኔ ነኝ ማለት ነው። አንድም ነገር ባይደርስባት ደግሞ ስልኬን ከሴቶቹ መሀል አነሳለሁ፤ ልጄ ብቅ ትላለች። ይህን ሳስብ አስቀድሞ የመጣብኝ የልጄ ፊት አልነበረም። ስልኬን ተቀብላ ልጄን ለመሰላመት የምትገደደው የጎረቤቴ ፊት ነበር። ሳልመልስላት ሰነበትኩ።

ከዚያ አርብ ቀን ማሾው በእኔ ግቢ ሆነ። የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ። እንደ ልማዱ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ።

"እትዬ፣ ዛሬ ሁለታችንም ፈቃድ ነን። ቆዩ፣ አንድ ሰው ላሳይዎት" አለች የጎረቤቴ ልጅ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያ አሳየኝ፣ ከዚያ ልጄን አሳየኝ።

"እማ!"

ሰፌዱ ከጭኔ ወርዶ ማሾው መሬት ላይ ተበተነ። ከስታለች። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ግን ራሷ ናት፣ ስትስቅ አንድ ወገን ከንፈሯ ቀድሞ የሚነሳው።

"ቁሚ" አልኳት። "ዙሪ። እጅሽን አንሺ።"

"ኧረ ከብት ገበያ አስመሰልሽው!" አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ልጄም እየሳቀች ዞረች። በሕይወቴ እንደዚያ መዞር የሚያምር ነገር አላየሁም።

ስትቀመጥ ሳቋን ተወችው። "ያን ነገር ልጫነው ወይ? አልመለስሽልኝም እኮ።"

"አትጫኚው" አልኳት። "ላይሽ ብዬ አስይዤሽ? አትጫኚው።"

"እንዴት ልታይኝ ነው ታዲያ?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ጎረቤቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "በኔ ስልክ ነዋ! አርብ አርብ እንዲህ ትገናኛላችሁ፣ ምን ቸገራችሁ!" አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ሴቶቹ ሲበተኑ አስቀረኋት። ነፃው የማን እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ልጇ ብትያዝ የሚመጣውን፣ ጠጋኙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ለልጄ የፈራሁትን አደጋ የእሷ ልጅ ተሸክማው ነው እኮ ልጄን ያየሁት። አዳመጠችኝና፣ "ያንቺ ነገር ሁሌ ፍርሃት ነው፣ እህቴ። የኔዋ አትፈራም፣ እኔም አልፈራም" ብላኝ ሰፌዷን ብብቷ ሥር ከትታ ወጣች።

በዚያም ቀናሁባት። አለመፍራቷን።

አሁን አርብ አርብ እሷ ግቢ እሄዳለሁ። ልጇ እንዳትያዝ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ለእሷ ብዬ ይሁን ለእኔ፣ አላህ ያውቃል። ስልኩ ሲጮህ የምታነሳው እሷ ናት። መጀመሪያ ከልጇ ጋር የሳምንቱን ወሬ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ሐብልሽን አሳዪኝ ትላለች፣ አንዳንዴም የእኔኑ ልጅ ከእኔ ቀድማ፣ "አንቺ፣ እናትሽ መጥታልሻለች" ትላታለች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጨርሳ እስክታቀብለኝ እጠብቃለሁ።