ከተረፈው ክር

«አውልቂው ብያለሁ እኮ! ጆሮሽ አይሰማም?»

እናቴ ወገቧን ይዛ ፊቴ ቆማለች። እኔ ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቻለሁ። የለበስኩትን ሹራብ የጨረስኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ክረምቱን ሙሉ ለራሴ የሠራሁት፣ በእጄ ያወጣሁት የመጀመሪያ ልብስ ነበር፤ ጥፋቴም ይኸው ነው። በእኛ ቤት ሰው የመጀመሪያ ሥራውን ራሱ አይጠቀምበትም፤ ለሚወደው ይሰጠዋል። እናቴ በልጅነቷ የሰፋችውን የመጀመሪያ ሌማት ለክርስትና እናቷ እንደሰጠች ብዙ ጊዜ ነግራናለች። የእኔ ሹራብ ደግሞ ለታላቅ ወንድሜ ለደሳለኝ እንዲሆን ማንም ሳይጠይቀኝ ተወስኗል። ደሳለኝ ለዩኒቨርሲቲ ደብረ ብርሃን ደርሶት በማግስቱ ከማርቆስ ሊሄድ ነበር።

«ወንድምሽ እዚያ ብርድ አገር ይንቀጥቀጥልሽ? አንቺ እናትሽ ቤት እሳት ዳር ቁጭ ብለሽ ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርቢ?»

«እማ፣ እኔ አልፈልገውም አልኩሽ እኮ» አለ ደሳለኝ፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ዚፑን ለመዝጋት እየታገለ። «ደግሞ ቀለሙን እዪው። እንቁራሪት ያስመስለኛል።»

«አሁንስ ምን ትመስላለህ?» አለች ትንሿ እህታችን ማህደር። ሊሳሳቁ ሲሉ እናቴ ሁለቱንም ገላመጠቻቸው።

እኔ አልሳቅኩም። ሲናደዱ የሚጮኹ ሰዎች አሉ፤ እኔ ስናደድ የሚጠፋው ድምፄ ነው። ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት ዝም ስል እሺ እንዳልኩ ይቆጠራል። ያን ዕለትም ዝም ብዬ ወደ ጥጉ አየሁ። እዚያ አክስቴ እትዬ ጥሩ አንገታቸውን ደፍተው ሹራብ እየሠሩ ነበር፣ ጠቡን እንዳልሰማ ሰው። ከእናቴ ይልቅ ያናደደኝ የእሳቸው ዝምታ ነው። ንዴቴ ሲጀመርም የጀመረው ከእሳቸው ነው።

ልጅ ሳለሁ የክረምት ምሽቶቻችን የእትዬ ጥሩ ነበሩ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አብረውን ነው የሚኖሩት። ያኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መብራት ይጠፋል፤ እናቴ ኩራዝ ታበራለች፤ እርጥቡ ባሕር ዛፍ በጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅስ ቆይቶ ፍም ሲሆን እትዬ ጥሩ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ያሠሯቸውን ሁለት መርፌዎች ያነሣሉ፤ እኛ ልጆቹ እግራቸው ሥር እንኮለኮላለን። ክሩን የሚያገኙት ከልባሽ ጨርቅ ተራ ከሚገዙት አሮጌ ሹራብ ነው። ይተረትሩታል፣ ያጥቡታል፣ እንደገና ጠቅልለው ለእያንዳንዳችን ይሠሩበታል። ክሩ ከጥቅሉ እየተመዘዘ ሲሄድ ተረቱም አብሮ ይሄዳል። እጃቸው ሲቆም አፋቸውም ይቆማል።

ሕግም ነበራቸው። መርፌው ላይ ያለው ሹራብ የሚሠራለት ልጅ፣ የዚያ ምሽት ተረት የእሱ ነው። ነገሩ ጭንቅ ላይ ሲደርስ ቀና ብለው ባለ ሹራቡን ይጠይቁታል። «እህሳ፣ ጅቡ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ምን ይሁን?» የተናገረው ይሆናል። ደሳለኝ ሁልጊዜ «ይብላት!» ይላል፤ እሳት ልትጭር ጎረቤት ቤት የገባችው የተረቱ ልጅ ትበላለች። ማህደር ደግሞ ገና ቃል ሳይጠራላት ጅቡን ከልጅቱ ጋር ታጋባው ነበር፣ ከነሚዜው። እኔ ልጅቱን የማድንበትን መንገድ በልቤ አዘጋጅቼ የራሴን ምሽት እጠብቅ ነበር። በጓሮ በኩል አወጣታለሁ፣ ገደሉን አዞራታለሁ፣ እሳቷም ሳይጠፋባት እናቷ ቤት አደርሳታለሁ።

የእኔ ሹራብ ግን ሁልጊዜ በመጨረሻ፣ ከሁለቱ በተረፈው ክር ነበር የሚሠራው። አንድ እጅጌው ቡላ፣ ሌላው ቀይ ይሆናል። ጭራሽ እጅጌ የሌለውም ነበረ። ክሩ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ተረቴም አብሮት ያልቃል። «አንዲት ጦጣ ነበረች፤ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ወረደች፤ ተኛች» ይሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠስ ያደርጉታል። ምን ይሁን ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ምሽት እንደምንም ደፍሬ «እኔስ?» ብል፣ «አንቺማ ሆደ ሰፊ ነሽ፣ አታስቸግሪም» ብለው ጭንቅላቴን ደባበሱኝ። ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ምርቃት ወሰደው። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ የሹራቤን ጫፍ ነክሼ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ሰው «ሆደ ሰፊ» ሲለኝ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ከልባሽ ጨርቅ ተራ አንድ ትልቅ የወንድ ሹራብ ገዛሁ። ቀለሙ ገና የበቀለ ጤፍ ይመስላል። ተረተርኩት፣ አጠብኩት፣ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ማንም አላስተማረኝም። እነዚያን ሁሉ ምሽቶች ተረት ስጠብቅ የእትዬ ጥሩን እጅ ሳይ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ቋጠሮው እየጠበቀብኝ መርፌው አላልፍ ይል ነበር፤ ስንቴ አፍርሼ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ አወቀው።

ደስታውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ክሩ በሌባ ጣቴ ላይ ሲንሸራተት ትንሽ ይኮረኩራል። የተሠራው ጭኔ ላይ እየረዘመ፣ እየከበደ ይሄድና ገና ልብስ ሳይሆን ማሞቅ ይጀምራል። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያቃስታል፣ እኔ አንዱን ቋጠሮ በሌላው ውስጥ አሳልፋለሁ፤ ለማንም ሳልታይ አንድ ነገር ከምንም ተነሥቶ እየሆነ ነው። ልጅቱንም በየምሽቱ ከጅቡ አዳንኳት፤ በልቤ። ከሁሉ የበለጠው ግን መለካቱ ነበር። ትከሻዬን በስንዝር ለካሁ፣ ክንዴንም ለካሁ። ክንዴ ረጅም መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። የልጅነት ሹራቦቼ ሁሉ እጅጌያቸው ከአንጓዬ በላይ የሚቀረው እኔ ቶሎ ስለማድግ ይመስለኝ ነበር። ለካ ማንም ለክቶኝ አያውቅም።

ቀጥዬ ለማህደር፣ ከዚያም ለደሳለኝ ልሠራ አስቤ ነበር። ለእሱ የሚሆን ጥቁር ሹራብ ተራው ላይ አይቼ መጥቻለሁ። ለሰው መሥራት አልጠላሁም። ቢጠይቁኝ ይህን እነግራቸው ነበር። ማን ጠየቀኝ?

«እትዬ ጥሩ፣ ይንገሯት እንጂ!» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ሙያው የእርስዎ ነው። የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ይደረጋል?»

እትዬ ጥሩ ሥራቸውን አጠገባቸው ካለው በርጩማ ላይ አስቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሊያስወልቁኝ ነው ብዬ ክንዴን ይበልጥ አጠበቅሁ። እሳቸው ግን የሹራቡን ጫፍ ገልብጠው ውስጡን አዩ። ጎኑን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጉት።

«ሰፍቶሻል» አሉ።

«ይኸው! ለደሳለኝ ልክ ነው ማለት ነው» አለች እናቴ ፊቷ በርቶ።

እትዬ ጥሩ ከሻሻቸው ላይ የስፌት መርፌ ነቀሉ፣ አንገቴ ሥር ተንጠልጥሎ ከቀረው ክር ቆርጠው አስገቡበት፣ ከብብቴ ጀምረው ጎኑን እላዬ ላይ ያጠብቡት ጀመር።

«ኧረ ምን እያደረጉ ነው? እንዲህ ካጠበቡትማ አይገባበትም!»

«አይገባበትም» አሉ እትዬ ጥሩ፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ።

«ተመስገን» አለ ደሳለኝ በሹክሹክታ። እናቴ ሰማችው። «ዝም በል አንተ! ይብላኝ ለእኔ» ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች።

ሹራቡ የእኔ ሆነ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን መርፌው ወገቤ ጋ ሲደርስ ንዴቴ ከመጀመሪያው ባሰ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? አንዲት መርፌ፣ አንድ ቃል፣ አለቀ። እነዚያን ሁሉ ክረምቶች፣ አጫጭር እጅጌ፣ አጫጭር ተረት ለብሼ ስኖር እኚህ ሴት ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር። ከእነዚያ ምሽቶች ከእኔ ጋር የቀረው የጭሱ ሽታና የፍሙ ሙቀት ብቻ አይደለም። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ሳያዩኝ ማደጌም አብሮኝ አለ፤ እሱ ደግሞ እንደ ሹራብ አይወልቅም።

«ያኔስ?» አልኩ።

ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅሁትም። ማህደር ቀና አለች።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ልጅ ሳለሁስ? ለእኔ ሁልጊዜ ከተረፈው ክር ለምን ሠሩልኝ? ስለማልጮህ ነው? ክንዴን እንኳ አንድ ቀን ለክተውት አያውቁም!»

«አንቺ ልጅ! ለታላቅ እንዲህ ይወራል?» ብላ እናቴ ከአልጋው ተነሣች። እኔ ግን አልተመለስኩም፤ እያለቀስኩም ቢሆን ዓይናቸውን እያየሁ መልስ ጠበቅሁ።

የእትዬ ጥሩ እጅ ጎኔ ላይ ቆመ። እጅጌዬን ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ድረስ ቀስ ብለው፣ እንደሚለካ ሰው፣ በዓይናቸው ወረዱበት። ጎንበስ ብለው የመጨረሻዋን ቋጠሮ ቋጠሩ፣ ክሩን ቆረጡ፣ መርፌውን ሻሻቸው ላይ ሰኩ። ከዚያም ነጠላቸውን ከምስማሩ አንሥተው ተከናነቡና በሩን ከፍተው ውጭ እየጣለ ወደነበረው ዝናብ ወጡ።